ከግራ ጥግ ወደ መሃል ስለ ተዛወረው ምልክት

ለልደታና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ በሜክሲኮ አደባባይ ለታክሲ ለተሰለፋችሁ፣ እንዲሁም ምንም ዜና ለማያመልጣችሁ ጡረተኞች በሙሉ፦ በኮምፒውተር መስኮት ላይ፣ በግራ በኩል ባለው የታችኛው ጥግ፣ ለረጅም ዘመን ያለ አንዳች ነቀፋ ሲያገለግል የኖረው ስታርት የተባለው ምልክት ከቦታው ተነሥቶ ወደ መሃል መዛወሩን በከፍተኛ ስሜት እንገልጻለን። በለቀቀው ቦታ ላይ የአየር ጠባይ ተሹሞበታል። ሽኝት አልተደረገለትም፤ የምስጋና ወረቀትም አልተሰጠውም። ዝውውሩ ስለ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን ተፈልጎ አልተገኘም።

ለተከበሩ አቶ በሱፍቃድ፣
የ«ሠርክ» የጡረተኞች መዋያ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣
ልደታ

ክቡር ሆይ፣ እንዴት ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ቢሮዎ ውስጥ ያለው ቬንትሌተር፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ? እኛ ከጉልበታችን፣ ከወገባችንና ከዓይናችን በቀር ደህና ነን፤ ቬንትሌተሩንም በመስታወቱ አሻግረን እያየን እንቀዘቅዛለን። በዕድሜ ከልጅ ልጄ ከቤርሳቤህ ብዙ እንደማይበልጡ ባውቅም፣ የይለፍ ቃል የያዘ ሰው ምንጊዜም ታላቅ ነውና አንቱ ማለቴን እንደ ፌዝ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። ፌዝ የሆነውን ራሴ እነግርዎታለሁ።

ስሜ ዓባይነህ ኃይለሚካኤል ይባላል። በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ፤ የሰው ስሕተት እየለቀምኩ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። በመዋያው ውስጥ ደግሞ በነገረኛነቴ እታወቃለሁ፤ እርስዎም ገና በመጡ ሰሞን ዘበኛውን ጠርተው፣ እኚህ ሽማግሌ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው ወይ ብለው በመጠየቅዎ ዝናዬን ከፍ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። አዎን፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። የዛሬው ግን ለጨዋታ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ባለቤቴ ስለ ወይዘሮ ትርንጎ ነው፤ የምለምነውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአዳራሹ በር አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ላይ ያ ምልክት ወደ ግራ ጥጉ እንዲመለስላት። ልመናዬ ይህን ያህል ትንሽ ስለ ሆነች፣ ማስረጃዋ ሊረዝም ግድ ሆነ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለ ሆነና እኛን የማያውቅ ሰውም ስለሚያነበው፣ እርስዎ ከመሾምዎ በፊት የነበረውን ኑሮ ባጭሩ ላውጋ። ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩን፤ ከየበጎ አድራጊው የመጡ ስለ ነበሩ ሦስቱም በየራሳቸው ሥርዓት ይተዳደሩ ነበር። በሩ አጠገብ ያለው የቀድሞው ዊንዶውስ ነበረ። መካከለኛው ሊኑክስ የሚባለው ሲሆን፣ የጫነው ወዳጄ እንድርያስ ነው፤ እንድርያስ በሥራ ዘመኑ የስልክ ቴክኒሻን የነበረ፣ ዛሬ ደግሞ በነፃ የተገኘ ነገር ሁሉ ከተገዛው ይሻላል ብሎ የሚሟገት ሰው ነው። በአዳራሹ መስኮት በኩል የነበረውን፣ ማክ የተባለውን ኮምፒውተር የሰጠችን የሐጂ አብዱልመናን ልጅ ናት፤ ሐጂ ዕድሜያቸውን ጨርቅ ሲነግዱ ስለ ኖሩ የዕቃ መልክ ይገባቸዋል፤ ማኩንም ይኼ ዕቃ ነው እያሉ በመሐረባቸው ይወለውሉታል እንጂ ብዙም አይከፍቱትም።

በእነዚህ በሦስቱ ላይ ያልተነሣ ሙግት የለም። እንዲያውም አንድ ቀን ሦስቱን እኩል አስነሥተን አወዳደርናቸው። ለመለኪያ ሰዓት አልያዝንም፤ ሰዓቱን ማን ይይዛል በሚለው ላይ ልንጣላ ነበርና። ስለዚህ እኔ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ጀመርኩ፣ ሐጂም ሙስበሐቸውን መቁጠር ጀመሩ። የእንድርያስ ሊኑክስ እኔ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ላይ ሳልደርስ ተከፈተ። ማኩ አሜን ስል ብቅ አለ። በሩ አጠገብ ያለው ዊንዶውስ ግን እኔ ወደ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ተሻግሬ እኩሌታው ላይ ስደርስ ገና ያጓራ ነበር። ሐጂ በበኩላቸው የጸሎቱን መጀመሪያ አዝግሜ መጨረሻውን አጣድፌአለሁ ብለው ይግባኝ ጠየቁ። እኔም ጸሎት አይመረመርም ብዬ መለስኩላቸው።

እንግዲህ በፍጥነት ጭራ የወጣው ያ በር አጠገብ ያለው የኮምፒውተር መኪና ነው። ትርንጎ የምትቀመጠው ደግሞ እሱ ላይ ነበር።

ትርንጎ እዚሁ ልደታ የችሎት ጸሐፊ ነበረች። በጽሕፈት መኪና ጀምራ በኮምፒውተር ጨረሰች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመርሳት በሽታ ያዛት፤ መጀመሪያ ያስቀመጠችውን ዕቃ፣ ቀጥሎ የሰፈሩን መንገድ፣ ቀጥሎ የልጆቻችንን ስም ወሰደባት። እኔን አንዳንድ ቀን ባሏ፣ አንዳንድ ቀን ባለጉዳይ አድርጋ ታየኛለች፤ እውነቱን ለመናገር በባለጉዳይነቴ ቀን የተሻለ አክብሮት አገኛለሁ። እጇ ግን አልረሳም ነበር። ያ መኪና እያጓራ እስኪከፈት በትዕግሥት ትጠብቃለች፤ ሲከፈት እጇ ዓይኗን ሳይጠይቅ ወደ ግራ ጥግ ይወርዳል፣ የመጻፊያውን ገጽ ያወጣል፣ ከዚያም የችሎቱን ስም፣ ከሳሽን፣ ተከሳሽን፣ የነገሩን ምክንያት በየመስመሩ ያሰፍራል። ጣቶቿ ሲሮጡ የሰማ ሰው ይህች ሴት ጠዋት ጫማዋን በየትኛው እግሯ እንደምታጠልቅ ግራ ገብቷት ነበር ብሎ አያምንም።

ይህን ያየ የመዋያው ሰው ሁሉ፣ ማንም ሳያዘው፣ ባለጉዳይ ሆነ። በየጠዋቱ ከወንበሯ ፊት ይሰለፋሉ። እንድርያስ፣ ሐጂ አብዱልመናን በዳማ ጨዋታ ላይ ጣታቸውን ካነሡ በኋላ ጠጠር መልሰዋል ብሎ ከሰሰ። ሐጂ መቃወሚያ አቀረቡ። ትርንጎ የሁለቱንም ቃል አንገቷን ሰበር አድርጋ እየሰማች ትጽፋለች፣ ታትማለች፣ ሐጂም ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ቀጠሮው መቼ ነው ይሏታል፤ ለሚመጣው ሳምንት ይቅረቡ ትላቸዋለች። ክሱ እስከ ዛሬ አልተወሰነም፤ በዚህ ረገድ የእኛ ችሎት ከማንም አላነሰም ነበር። ሰልፉ ሲረዝምባት ወደ እኔ ዞር ትልና፣ ዛሬ መዝገብ በዝቷል፣ አንተ ቀድመህ ወደ ቤት ሂድ ትለኛለች። እኔ የትም አልሄድም፤ ግን መባሉን እወደው ነበር። ቀድመህ ሂድ የሚባለው ባል ነውና።

አሁን፣ ክቡር ሆይ፣ በመልካም ፈቃድዎ ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ሥራ በጀመሩ ሰሞን የዴስክቶፕ ሥርዓቶችን ንጽጽር አዘጋጅተው፣ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በብርሃን ስላሳዩን የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ዓምዶች ነበሩበት፤ አንዱ ስለ ፍጥነት፣ አንዱ ስለ ደኅንነት፣ አንዱ ስለ ወጪ። ከሁሉም አጠገብ ለተጠቃሚ ያለው ምቾት የሚል ረጅም ዓምድ ስላየሁ ደስ ብሎኝ፣ ተጠቃሚው ማን እንደ ሆነ በትሕትና ጠየቅሁዎት። በጥናቱ ውስጥ ተጠቃሚው እርስዎ ራስዎ እንደ ሆኑ ገለጹልኝ። እርስዎ እንዲህ ከተመቸዎት እኛ ምን ጎደለብን። በጥናቱ መደምደሚያ መሠረትም፣ ወጥነት እንዲኖር በሚል፣ ሁሉም መኪኖች በአዲሱ ዊንዶውስ እንዲተዳደሩ ተወሰነ። የእንድርያስ ሊኑክስ ተጠረገ። ማኩ ከደረጃ ውጪ ተብሎ መጋዘን ገባ፤ ሐጂም መሐረባቸውን አልብሰው ሸኙት። እንድርያስ በዚያን ቀን ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ፤ እሱን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይረዳል፣ ሻዩ ተከፍሎበት ነበርና።

ሁለተኛ፦ ስለ ፍጥነቱ። በሩ አጠገብ ያለው መኪና አዲሱን ሥርዓት መሸከም እንደማይችል በገዛ መስኮቱ ላይ ጽፎ ሲለምንዎት በዓይኔ አይቻለሁ፤ እርስዎም በጓሮ በር አዙረው እንዳስገቡበት እንድርያስ አስረድቶኛል። አዲሱ ሥርዓት መጥፎ ነው አልልም፤ ሐሰት ይሆንብኛል። ቤርሳቤህ ሜክሲኮ በምትሠራበት ቢሮ ውስጥ፣ በአዲስ መኪና ላይ ሆኖ እንደ ወፍ ሲበር አይቻለሁ፤ ጽሑፉ ጥርት ያለ፣ መልኩም ደስ የሚል ነው። በእኛ አሮጌ ላይ ሲቀመጥ ግን ሽማግሌ ፒያኖ እንዳሸከሙት ሆነ። ቀድሞ እያጓራም ቢሆን በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል መጨረሻ ላይ ይከፈት የነበረው፣ ዛሬ ከነውዳሴ ማርያሙ አድርሼ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ ትንሽም አንቀላፍቼ እደርስበታለሁ። ለነፍሴ ስላደረጉት አስተዋጽኦ እግዚአብሔር ዋጋዎን ይክፈልዎ።

ሦስተኛ፦ ይህን ክፍል ባልጽፈው እወድ ነበር።

ሥርዓቱ በተለወጠ ማግስት፣ እንደ ልማዳችን ልደታ ማርያምን ተሳልመን መጣን። ትርንጎ ሥራ የምትገባበትን ነጭ ሹራብ ለብሳለች። ባለጉዳዮቹ ተሰልፈዋል፤ እንድርያስ፣ አኩርፎ የሄደው፣ ለእሷ ሲል ታርቆ፣ ክሱን አሻሽሎ ከፊት ቆሟል። ትርንጎ ተቀመጠች፣ ወንበሯን ሳብ አደረገች፣ መኪናው እስኪከፈት ጠበቀች፣ እጇም እንደ ወትሮው ወደ ግራ ጥግ ወረደ። እዚያ ያገኘችው ደመና ነው። ስትጫነው አንድ ሰፊ ሰሌዳ ከጎን ብድግ ብሎ የአዲስ አበባን ዝናብ ከነሙቀቱ፣ የማናውቃቸውን ሰዎች ወሬ ከነፎቶግራፋቸው ዘረገፈባት። ዘጋችው። ወደ ጥጉ ተመለሰች፤ እንደገና ዝናብ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ መሃል ላይ ነው፣ መሃል ላይ ነው እላለሁ። መሃል ማለት ለእጇ ምንም አይደለም፤ ያንን ሁሉ ዘመን ወደ መሃል ሄዶ አያውቅም።

ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ እጇን ከማውሱ ላይ አነሣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ በሌላኛው እጇም ሸፈነችው፤ ሰው ፊት ያሳፈራትን ልጅ እንደምትደብቅ ሴት። የተሰለፉትን ዞር ብላ አየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ እንዲህም አለችኝ፦

«ዓባይነህ፣ ከቦታዬ አንሥተውኛል እንዴ? ምን አጥፍቼ ነው?»

በስሜ ከጠራችኝ ረጅም ጊዜ ሆኗት ነበር። የጠራችኝም ለዚህ ነው።

እንድርያስ ክሱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ሐጂ አብዱልመናን ግን ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ማን ደፍሮ ያነሣዎታል፣ መብራት ስለ ጠፋ ነው እንጂ አሏት፤ አምፖሉ ከራሳቸው በላይ ቦግ ብሎ እየበራ። እሷም አምፖሉን አየችው፣ ከዚያ ሐጂን አየቻቸው፣ ለክብራቸው ስትል እሺ አለች። ባለቤቴ ልጆቿን ረስታለች፤ ጨዋነቷን አልረሳችም። እርስዎም በዚያው ሰዓት በአጠገባችን ሲያልፉ፣ እማማ አይዞዎት፣ አዲስ ነገር መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው ብለዋታል። ስለ ማጽናናትዎ አመሰግናለሁ። ለእሷ አዲስ ነገር ከቀረ ቆይቷል፤ አሮጌውም ጥቂት ነበር የቀረው።

አራተኛው አቤቱታ በእንድርያስ ምክር ተሰርዟል። በውስጡ የነበሩት ቃላት ለክቡርነትዎ እንደማይመጥኑ ተነግሮኛል፤ እኔ እንኳ በደንብ ይመጥናሉ ባይ ነበርኩ።

አምስተኛ፦ በማግስቱ ቤርሳቤህና እንድርያስ መኪናው ላይ ተጎንብሰው መድኃኒቱን አገኙት። ለካ አዲሱን ሥርዓት የሠሩት ሰዎች እንኳ እንደ ትርንጎ ያለ እጅ በዓለም ላይ እንዳለ ገምተዋል፤ ምልክቶቹ በመሃል ይሁኑ ወይስ በግራ የሚል ምርጫ ከውስጥ አስቀምጠዋል። ግራ የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ መጫን። ቤርሳቤህ ልትጫነው ስትል መኪናው የኃላፊውን የይለፍ ቃል ጠየቃት፤ ወደ እርስዎ መጣን።

ያን ቀን ስላስተናገዱን አስተናጋገድ በዝርዝር ማመስገን ይገባኛል። ቁጭ በሉ አላሉንም፤ ይህም ጉዳያችን በአጭሩ ያልቃል ብለው ስላሰቡልን ነው። አንዱ መኪና በግራ፣ ሌላው በመሃል ከሆነ ወጥነት ይፈርሳል አሉን። ቤርሳቤህ፣ ወጥነቱ ቢፈርስ ማን ይጎዳል ብላ ጠየቀችዎት፤ ጥያቄዋ ከአሠራር ውጪ እንደ ሆነ በትዕግሥት አስረዷት። እኔም ነገሬን ትቼ፣ ቀልዴንም ትቼ፣ ኮፍያዬን አውልቄ ለመንኩዎት፤ ኮፍያ የማውለቀው ለቤተ ክርስቲያንና ለሐኪም ብቻ ነው። እርስዎም፣ አባባ፣ ሥልጠና አለ፣ ያምጧት፣ በሳምንት ትለምደዋለች አሉኝ። ለመደች ወይ ብለው እስከ ዛሬ ስላልጠየቁኝ፣ ሳልጠየቅ ልመልስ።

ወደ ሥልጠናው ወሰድኳት። ትጉህ አሠልጣኝ ነበረች፤ እሷን አልወቅስም። ሁላችንም በየተራ ተነሥተን ስማችንንና ከሥልጠናው የምንጠብቀውን እንድንናገር ጋበዘችን። ሐጂ ማካቸውን እንደሚጠብቁ ተናገሩ። እንድርያስ ሻይ እንደሚጠብቅ ተናገረ። ትርንጎ ተራዋ ሲደርስ ሹራቧን አስተካክላ ተነሣች፣ ስሟን ከነአባቷ ስም ተናገረች፣ ከዚያም ሥራዋን ለማስረከብ እንደ መጣች፣ የጀመረቻቸው መዛግብት ሁሉ በቅደም ተከተል እንዳሉ፣ ተረካቢው ማን እንደ ሆነ ቢነገራት ደግ እንደ ሆነ ገለጸች። አሠልጣኟ የስም ዝርዝሯን አገላበጠች። ተረካቢ ሳይገኝ ሲቀር ትርንጎ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ወንበሯን ወደ ቦታው ገፍታ ወጣች። እኔም ተከትያት ወጣሁ።

አንድ ብልህ አንባቢ ኮምፒውተሩን ቤት ውስጥ አታደርግላትም ነበር ወይ ይለኝ ይሆናል። አድርጌላታለሁ። ቤርሳቤህ የራሷን ላፕቶፕ አምጥታ ምልክቱን በግራ ጥግ አስተካክላ ሳሎን አስቀመጠችላት። ትርንጎ አየችው፣ አቧራ እንዳይገባበት በጨርቅ ሸፈነችው፣ ከሥራ ቦታ የመጣ ዕቃ ቤት ውስጥ አይሠራበትም አለች። ለካ የሥራ ቦታዋ የመዋያው አዳራሽ ነው፤ ያ ወንበር፣ ያ በር፣ ያ ሰልፍ፣ ያ የእንድርያስ የማያልቅ ክስ። እነሱ ሁሉ በቦታቸው አሉ። የጎደለው በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ቦታ ናት።

ሐኪሟ የነገረን ነገር አለ፤ የምቸኩለውም በእሱ ምክንያት ነው። እጅ በየቀኑ የሚሠራውን ነገር ልብ ከረሳው በኋላም ይዞ ይቆያል፤ ሥራ ከፈታ ግን እሱም ይከተላል አለን። መቼ ብዬ ብጠይቀው፣ አባቴ፣ ይህ የሚታወቅ አይደለም አለኝ። እርስዎ በሳምንት ትለምደዋለች ሲሉ፣ እሷ በየሳምንቱ ያንኑ የለመደችውን እየጣለች ነው። ጣቶቿን ከምግብ በኋላ ገበታው ላይ አያቸዋለሁ። ቀድሞ ሳታውቀው በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ትጽፍ ነበር፤ አሁን ብዙውን ጊዜ ዝም ብለው ይተኛሉ። አሁንም ግን ተስፋ አለ። በየጠዋቱ ትነሣና መሥሪያ ቤቱ መቼ ነው የሚከፈተው እያለች ትጠይቀኛለች፤ እኔም ኃላፊው እየመከሩበት ነው እላታለሁ፤ ውሸታም እንዳያደርጉኝ።

ጥናትዎን ስላየሁ እኔም የራሴን ንጽጽር አድርጌአለሁ፤ ዓምድ መሥራት ስለማልችል በቃል እነግርዎታለሁ። ሊኑክስ ፈጣን ነው፤ አሮጌ መኪና ላይ ሲቀመጥም ይራራለታል፤ እንድርያስ ይህን በተናገረ ቁጥር እውነት መሆኑን ለእሱ ከማመን ሞት ይሻለኛል። ማክ መልከ መልካም ነው፤ ሐጂ እንደሚሉት ዕቃ ነው፤ ዋጋውን ያልጠየቀ ሰው ይወደዋል። አዲሱ ዊንዶውስ ዘመናዊ ነው፤ ለሚመጥነው መኪናና ለሚመጥነው እጅ። አሮጌው ዘገምተኛ ነበር፣ ያጓራ ነበር፣ ጊዜው እንዳለፈበትም ተነግሮኝ አምኛለሁ። እኔ የለካሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትርንጎ ስትቀመጥበት ምን ትሆናለች የሚለውን። በአሮጌው ላይ የችሎት ጸሐፊ ነበረች። በአዲሱ ላይ በሽተኛ ናት። ከዚህ የሰፋ ልዩነት በእርስዎ ዓምዶች ላይ አላየሁም፤ መነጽሬን ጠርጌ ፈልጌአለሁ።

አሮጌው ሥርዓት ይመለስ አላልኩም። ሊኑክሱ ይመለስ አላልኩም፤ ያንን እንድርያስ በራሱ ደብዳቤ እንደሚጠይቅ ፎክሯል። መኪናው ይፍጠን እንኳ አላልኩም፤ ጸሎቴን ለምጄዋለሁ። ከእርስዎ የምለምነው ወደ አዳራሹ ወርደው፣ ያን የይለፍ ቃል ማንም እንዳያይብዎ ጀርባዎን አዙረው አስገብተው፣ ግራ የሚለውን እንዲመርጡልን ነው። ወጥነቱ የፈረሰ እንደ ሆነ፣ ፍርስራሹን እኔ እጠርጋለሁ።

ስለ ሰጡን ብርሃናማ ጥናት፣ ስለ ደመናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሥልጠናው፣ በቆምንበት ስላስተናገዱን፣ ይህንንም ደብዳቤ ከሌሎች ደብዳቤዎች ጋር ወጥ በሆነ ፋይል ውስጥ ስለሚያስቀምጡልን ከወዲሁ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር፣ ሹመት ከእድገት ጋር እንዲያድልዎ፣ ሲያረጁም እጅዎ የሚያውቀውን ቦታ ማንም እንዳይነካብዎ የምመኝ፣

ከእግርዎ በታች፣ ከቬንትሌተርዎ ነፋስ ወዲያ፣ በልደታ የምኖር፣
ዓባይነህ ኃይለሚካኤል
የቀድሞ አራሚ፣ የወይዘሮ ትርንጎ ባለቤትና ባለጉዳይ

ማሳሰቢያ፦ እርስዎ ጥንቁቅ ሰው ነዎት፤ በደብዳቤዬ ውስጥ አንድ ሐሰት ካገኙ ልመናዬን በዚያው ሰበብ እንደሚጥሉት ስለማውቅ ፍለጋውን ላቅልልዎት። የጸሎቱ ውድድር እውነት ነው። ሐጂ መብራት ጠፋ ማለታቸው እውነት ነው፤ ቢጠይቋቸው ዛሬም ጠፍቶ ነበር ይሉዎታል። የፈጠርኩት አንድ ነገር ነው፤ ትርንጎ በየጠዋቱ መሥሪያ ቤቱ መቼ ይከፈታል ትለኛለች ያልኩትን። ከሥልጠናው ወዲህ ምንም አልጠየቀችኝም። የምጠይቀው እኔ ነኝ። ነጭ ሹራቧን ይዤ መኝታ ቤታችን በር ላይ እቆምና፣ ትርንጎ፣ ሰው ተሰልፏል፣ አትመጪም ወይ እላታለሁ። እሷም በትሕትና ብድግ ትልና፣ «ጌታዬ፣ እዚህ ጸሐፊ የለም፤ ሌላ ቢሮ ቢጠይቁ ይሻላል» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋብኛለች።